የሚያሳክክ ሽፍታ፦ ከቅባቱ በፊት ምርመራው

ሰውነቱን ማሳከክ የጀመረው ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ሐኪም ሳይሆን ወደ ሰፈሩ ፋርማሲ ነው። ክንዱን በመስኮት ያሳያል፣ አንዲት ትንሽ ቲዩብ ይዞ ይመለሳል። በቲዩቡ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ነገሮች ተቀላቅለዋል፦ ስቴሮይድ፣ የፈንገስ መድኃኒትና አንቲባዮቲክ። በሁለተኛው ቀን ማሳከኩ ጋብ ይላል፤ ሰውየውም መድኃኒቱን ያገኘው ይመስለዋል። ቅባቱን ባቆመ በሳምንቱ ሽፍታው ከበፊቱ ሰፍቶ ይመለሳል። ያኔ ሁለተኛ ቲዩብ ይገዛል።

ስቴሮይድ የቆዳን ቁጣ ያበርዳል እንጂ ቁጣውን ያስነሳውን ነገር አይነካም። ለዚህ ነው እከክም ሆነ ጭርት ወይም ችፌ (ኤክዜማ) ላይ ቢቀባ ለጥቂት ቀን የሚያስታግሰው። ችፌ ላይ ሲሆን እውነተኛ ሕክምና ነው። ጭርት ላይ ሲሆን ግን ፈንገሱን የሚታገለውን የቆዳ መከላከያ ያዳክማል። ፈንገሱ ይስፋፋል፤ መለያው የነበረው ጥርት ያለ ክብ ጠርዝም ስለሚደበዝዝ በኋላ የሚያየው ሐኪም ሳይቀር ሊሳሳት ይችላል። እከክ ላይ ሲሆን ደግሞ ማሳከኩን ይሸፍንና ተባዩ እንዲራባ፣ ከባለቤቱም አልፎ ለልጆቹ እንዲደርስ ጊዜ ይሰጣል።

"የፈንገስ መድኃኒቱስ አብሮ አለበት አይደል?" የሚል ይኖራል። አለበት። ነገር ግን ማሳከኩ በአራተኛው ቀን ሲቀር ሰዉ ቅባቱን ያቆማል፤ ፈንገስ ለመጥፋት ደግሞ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይፈልጋል። በእነዚህ ድብልቆች ውስጥ የሚገባው ስቴሮይድም ብዙ ጊዜ እንደ ክሎቤታሶል ያለ ከሁሉ ብርቱ የሆነው ዓይነት ነው። በብሽሽት፣ በብብት ወይም በፊት ላይ ለሳምንታት ከተቀባ ቆዳን ያሳሳል፣ እንደ እርግዝና ሸንተረር ያለ የማይጠፋ መስመር ይተዋል። ስለዚህ ሽፍታው ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ስቴሮይድ ያለበትን ቅባት መጀመር አይገባም። የቲዩቡን ጀርባ አንብቡ፤ ክሎቤታሶል፣ ቤታሜታሶን፣ ሞሜታሶን፣ ሃይድሮኮርቲሶን የሚል ካለ ስቴሮይድ ነው።

ጥሩ የቆዳ ሐኪም የሚጠይቃቸው

የሚያሳክክ ሽፍታን ለመለየት አብዛኛው ሥራ የሚሠራው በጥያቄ ነው። መሣሪያው የሚመጣው በኋላ ነው።

ከሁሉ የሚቀድመው "ቤት ውስጥ ሌላ የሚያሳክከው ሰው አለ?" የሚለው ነው። አብረው የሚተኙ፣ ልጅ የሚያዝሉ ወይም የሚያቅፉ ሰዎች በሳምንታት ልዩነት ማሳከክ ከጀመራቸው፣ ሌላ ነገር እስኪረጋገጥ ድረስ እከክ ተብሎ ይታሰባል። ችፌ በቤተሰብ የሚወረስ ዝንባሌ ቢኖረውም ከሰው ወደ ሰው አይጋባም። ጭርት ይጋባል፣ ግን መላውን ቤት በአንድ ወር ውስጥ ሌሊት ሌሊት አያስነሳም። "የለም" የሚል መልስም በጥንቃቄ ይወሰዳል፤ ብዙ ሰው በአማቱ ወይም በሠራተኛው ፊት ስለ ማሳከክ መናገር ያፍራል።

ቀጥሎ ሰዓቱና ጊዜው ይጠየቃል። ከመኝታ በኋላ ገላ ሲሞቅ የሚብስ፣ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ማሳከክ የእከክ ጠባይ ነው፤ ችፌም ሌሊት ይብሳልና ይህ ብቻውን አይበቃም። ከልጅነት ጀምሮ ሲመጣና ሲሄድ የኖረ ከሆነ ወደ ችፌ ያዘነብላል። ካለፈው ወር ወዲህ የመጣና በየቀኑ እየባሰ ያለ ከሆነ ደግሞ ወደ እከክ።

ከዚያ አንዷን ነጥብ ለይቶ መከታተል ነው። አንድ እብጠት በእስክሪብቶ ዙሪያውን ይከበብና በማግስቱ በዚያው ሰዓት ይታይ። ከ24 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ምልክት ሳይተው ጠፍቶ ሌላ ቦታ ከወጣ አለርጂ የሚባለው ዓይነት የቆዳ ቁጣ ነው፤ ቅባት አያስፈልገውም፣ የሚዋጥ ፀረ አለርጂ ኪኒን ነው የሚያስፈልገው። ቦታውን ሳይለቅ ቀናት የሚቆይ ከሆነ ወደሌሎቹ እንሄዳለን።

ቦታ ብዙ ይናገራል። በጣቶች መካከል፣ በእጅ አንጓ የውስጥ ገጽ፣ በብብት ጠርዝ፣ በእምብርት ዙሪያ፣ በቀበቶ መስመር፣ በመቀመጫ፣ በወንድ ብልት፣ በሴት ጡት ጫፍ ዙሪያ ያሉ ትናንሽ ነጥቦች የእከክ ናቸው። በክርን እጥፋትና ከጉልበት ጀርባ የወፈረ፣ የደረቀ ቆዳ የችፌ ነው። ጭርት በሁለቱም የሰውነት ጎን እኩል አይወጣም፤ አንድ ወይም ጥቂት ክብ፣ ጠርዙ ከፍ ብሎ የሚፋቅ፣ መሐሉ እየጠራ የሚሄድ ነው። በሱሪ ቁልፍ ትክክል ከእምብርት በታች ብቻ፣ ወይም በሰዓት ማሰሪያ ልክ የወጣ ከሆነ ቆዳውን በመንካት ቁጣ ያስነሳው የብረቱ ኒኬል ይጠረጠራል። የፀጉር ቀለም ወይም ቀለም የተጨመረበት ጥቁር ሂና ከተቀቡ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን በኋላ የሚመጣ የጆሮ፣ የግንባርና የዐይን ሽፋን ማበጥም ከዚሁ ወገን ነው።

መጨረሻ ላይ "እስካሁን ምን ተቀባህበት?" ይባላል። እዚህ ላይ መዋሸት ራስን መጉዳት ነው። ነጭ ሽንኩርት ተፈጭቶ ተደርጎበት ከሆነ የሚታየው የሽንኩርቱ ቃጠሎ ሊሆን ይችላል። በረኪና፣ ነጭ ጋዝና የከብት መድኃኒትም እንደዚሁ። ስቴሮይድ ከነበረ ደግሞ ሐኪሙ ሽፍታውን የሚያነበው በሌላ ዓይን ነው።

ስለ ቀለም አንድ ነገር። በኢንተርኔት የሚገኙ አብዛኞቹ ሥዕሎች የነጭ ቆዳ ናቸው፤ "ቀይ ሽፍታ" የሚለው መግለጫም ከዚያ የመጣ ነው። በእኛ ቆዳ ላይ የተቆጣ ቦታ ጠቆር ያለ፣ ወደ ሐምራዊ ወይም ግራጫ የሚያደላ ሆኖ ነው የሚታየው፤ አንዳንዴ ከዓይን ይልቅ በጣት ሲዳሰስ ይታወቃል። ሽፍታው ከዳነ በኋላም ጥቁር ምልክቱ ለወራት ይቆያል። ይህ በሽታው አልዳነም ማለት አይደለም፤ ጥቁረቱን ለማስለቀቅ ተብሎ የሚገዛው የማንጫ ክሬም ግን ራሱ ክሎቤታሶል ሊሆን ስለሚችል ሰውየው ወደ መጀመሪያው አዙሪት ይመለሳል።

እከክ፦ ተባዩ እና አቆጣጠሩ

የእከክ ተባይ በዓይን ለማየት የምታስቸግር ናት፤ ሴቷ ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር ትሆናለች። የላይኛውን ስስ ቆዳ ሰርስራ እየገባች በቀን 2 ወይም 3 እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ በ3 ወይም በ4 ቀን ይፈለፈላል፣ አድጎ ራሱ እንቁላል ለመጣል ወደ 2 ሳምንት ይፈጅበታል። ይህን የቀን ስሌት ያዙት፤ የሕክምናው ነገር ሁሉ የተሠራው በእሱ ላይ ነው።

መላ ሰውነቱ በሽፍታ የተሞላ ሰው ገላው ላይ ያሉት አዋቂ ተባዮች አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ብቻ ናቸው። የሚያሳክከው የተባዩ ንክሻ ሳይሆን ሰውነት በተባዩ፣ በእንቁላሉና በኩሱ ላይ የሚያስነሳው ቁጣ ነው። ይህ ቁጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለተያዘ ሰው ከ3 እስከ 6 ሳምንት ዘግይቶ ይመጣል፤ ቀድሞ ይዞት ለሚያውቅ ሰው ግን ከ1 እስከ 4 ቀን ውስጥ። ስለዚህ ዛሬ ምንም የማያሳክካቸው የቤቱ ልጆች ተባዩን ተሸክመው ሊሆን ይችላል። "እኔን አያሳክከኝም፣ ለምን እቀባለሁ?" የሚለው አንድ የቤተሰብ አባል ሕክምናውን ሁሉ ያፈርሰዋል።

የእከክ መተላለፊያ ረዘም ያለ የገላ ንክኪ ነው፦ አብሮ መተኛት፣ ሕፃን ማቀፍ፣ የግብረ ሥጋ ግንኙነት። ቶሎ ጨብጦ መልቀቅ እምብዛም አያስተላልፍም። ከቆሻሻ ጋር ማያያዙም ትክክል አይደለም፤ ሳሙና ተባዩን አይገድለውም፣ በየቀኑ የሚታጠብ ሰውም ይያዛል። እንዲያውም በእሱ ላይ ምልክቱ ጥቂት ስለሚሆን ምርመራው ይከብዳል። የሚያስፋፋው ተጨናንቆ መተኛት ነው፦ የቆሎ ተማሪ ጎጆ፣ እስር ቤት፣ የተፈናቃይ መጠለያ፣ በአረብ አገር ለብዙ ሰው የሚከራይ አንድ ክፍል። በ2008 ዓ.ም. የኤልኒኞ ድርቅ ጊዜ በአማራ ክልልና በሌሎች አካባቢዎች በወረርሽኝ መልክ ተነሥቶ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እከክን ትኩረት ከሚሹ የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ውስጥ የከተተው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። የውሻ እከክ ሌላ ዓይነት ተባይ ነው፤ ሰውን ለጥቂት ቀን ሊያሳክከው ይችላል፣ በሰው ቆዳ ላይ ግን አይራባም።

ምርመራው እንዴት ነው? እርግጠኛው መንገድ ተባዩን ወይም እንቁላሉን ማየት ነው። ሐኪሙ በጣቶች መካከል ወይም በእጅ አንጓ ላይ ከጥቂት ሚሊ ሜትር እስከ አንድ ሴንቲ ሜትር የሚሆን የተጠማዘዘ ቀጭን መስመር ይፈልጋል፤ ተባዪቱ የሄደችበት ዋሻ ነው። መስመሩ ካልታየ ፈሳሽ ቀለም ቀብቶ በአልኮል ጥጥ ሲጠርገው ቀለሙ ዋሻው ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ከጫፉ በምላጭ ቀስ ተደርጎ ተፍቆ ጠብታ ዘይት ተጨምሮበት በማይክሮስኮፕ ይታያል። ተባዮቹ ጥቂት ስለሆኑ ፍቆ ማጣት የተለመደ ነው፤ "ላቦራቶሪው ምንም አላገኘም" ማለት "እከክ የለም" ማለት አይደለም። የደም ምርመራ የለውም፤ ለእከክ ብለው ደም ካዘዙልዎ ምን እንደሚፈለግ ይጠይቁ።

በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ መስፈርት ያለ ማይክሮስኮፕ መወሰን ለሚኖርበት ጤና ጣቢያ መንገድ ይሰጣል፦ ዓይነተኛ ነጥቦች በዓይነተኛ ቦታ ካሉ፣ ሰውየውን ካሳከከው፣ የሚያሳክከው ወይም እንዲህ ያለ ሽፍታ ያለበት የቅርብ ሰውም ካለ፣ እከክ ብሎ ማከም ይቻላል።

መቀባቱ

መድኃኒቱ ፐርሜትሪን 5 በመቶ ክሬም ከሆነ፣ ከሕክምናው ይልቅ የሚያሸንፈን አቀባቡ ነው። ባለ 30 ግራም ቲዩብ ለአንድ አዋቂ ለአንድ ጊዜ ነው፤ ደልደል ላለ ሰው አይበቃም። አምስት ቤተሰብ አንዲት ቲዩብ ተከፋፍሎ "አልሠራልንም" ቢል መድኃኒቱ አልተፈተነም ማለት ነው።

የቤቱ ሰው ሁሉ በአንድ ሌሊት ይቀባል። ገላ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ቀዝቅዞ ይጠበቃል። ጥፍር ይቆረጣል። ከዚያ ከጆሮ ጀርባና ከአንገት ጀምሮ ወደ ታች አንዲት ቦታ ሳይቀር፦ በጣቶች መካከል፣ ከጥፍር ሥር በድሮ የጥርስ ብሩሽ፣ እምብርት ውስጥ፣ በመቀመጫ መሐል፣ በብልት፣ በውስጥ እግር። ጀርባን ሌላ ሰው ይቀባ። ለሕፃናትና ለሽማግሌዎች ከዐይንና ከአፍ ዙሪያ በስተቀር ፊትና የራስ ቆዳም ይጨመራል። የሚያሳክከውን ቦታ ብቻ መቀባት ከሁሉ የተለመደው ስሕተት ነው፤ ተባዪቱ ያለችው ነጥቦቹ ባሉበት ብቻ አይደለም።

ከ8 እስከ 14 ሰዓት ይቆያል። ማታ 2 ሰዓት የተቀባ ሰው ጠዋት 12 ሰዓት ቢታጠብ 10 ሰዓት ሞልቶታል። በመካከሉ እጁን የታጠበ፣ ወይም ሌሊት ሊጥ ያቦካች እናት፣ እጁን ወይም እጇን ብቻ እንደገና መቀባት አለባቸው። ሰው የሚረሳው ይህን ነው፣ እጅ ደግሞ ተባዩ የሚወደው ቦታ ነው። ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ሁሉም ሰው ይደግማል፤ ከመጀመሪያው ያመለጠ እንቁላል ተፈልፍሎ ሌላ እንቁላል ሳይጥል ለመያዝ ነው።

ፐርሜትሪን ካልተገኘ ቤንዚል ቤንዞዌት 25 በመቶ ሎሽን አለ፤ ርካሽ ነው፣ የተቧጠጠ ቆዳን ግን ያቃጥላል። አዋቂ እንዳለ ይቀባዋል፣ 24 ሰዓት ያቆየዋል፣ በማግስቱ ይደግመዋል። ከ2 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ አንድ እጅ ሎሽን በአንድ እጅ ውኃ ይቀጠናል፤ ከ2 ዓመት በታች አንድ እጅ በሦስት እጅ ውኃ ሆኖ ከ12 ሰዓት በላይ አይቆይም፣ ልጁ እጁን እንዳይልስም ካልሲ ይደረግለታል። ከ2 ወር በታች ላሉ ሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች ከ5 እስከ 10 በመቶ የድኝ ቅባት የቆየ ምርጫ ነው፤ ይሸታል፣ ልብስ ያቆሽሻል፣ ለተከታታይ ቀናት መቀባት አለበት፣ ግን አይጎዳም። ነፍሰ ጡር በሐኪም ትዕዛዝ ፐርሜትሪንም መጠቀም ትችላለች።

አይቨርሜክቲን የሚዋጥ ኪኒን ነው። መጠኑ በኪሎ 200 ማይክሮ ግራም ነው፦ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 12 ሚሊ ግራም፣ ማለትም ባለ 3 ሚሊ ግራም አራት ኪኒን በአንድ ጊዜ። እንቁላል ስለማይገድል ከ7 እስከ 14 ቀን በኋላ መደገሙ ግዴታ ነው፤ ያለ ሁለተኛው ዙር የመጀመሪያው ሊባክን ይችላል። ከ15 ኪሎ በታች ለሆነ ልጅና ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። ሁሉም ሰው በአንድ ቀን መታከም ያለበት ትምህርት ቤት ወይም መጠለያ ውስጥ ከቅባት ይልቅ ይመቻል።

ልብስና መኝታን በተመለከተ ሰው ከሚገባው በላይ ይደክማል። ተባዩ ከሰው ገላ ከተለየ ከ2 እስከ 3 ቀን በላይ አይኖርም። ባለፉት ሦስት ቀናት የነካውን ልብስ፣ አንሶላ፣ ፎጣና ነጠላ በ50 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ በሞቀ ውኃ ማጠብ ወይም መተኮስ ይበቃል። ሊታጠብ የማይችለውን ጋቢ፣ ብርድ ልብስና የክረምት ጃኬት ከረጢት ውስጥ አስሮ አንድ ሳምንት ማስቀመጥ ነው። ቤቱን በፀረ ተባይ መርጨት ለእከክ አይጠቅምም። የሚረጨው ኬሚካል ገላ ላይ ከሆነ ደግሞ መመረዝ ነው።

ከሕክምናው በኋላ የሚያሳክከው

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ተባዩ ቢሞትም ሬሳውና እንቁላሉ ቆዳው ውስጥ እስኪፋቅ ድረስ ማሳከኩ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይቀጥላል። ይህን ያልተነገረው ሰው በአሥረኛው ቀን "አልሠራም" ብሎ በየቀኑ ፐርሜትሪን ይቀባል፤ ክሬሙ ራሱ ቆዳውን ያቆጣውና ማሳከኩ ይብሳል። መፍትሔው ቆዳን የሚያለሰልስ ቅባት፣ ፀረ አለርጂ ኪኒን (ለሌሊት ክሎርፌኒራሚን ወይም ለቀን ሴትሪዚን)፣ እንዲሁም ምርመራው ታውቆ ተባዩ ከታከመ በኋላ አጭር የስቴሮይድ ቅባት ነው። በብልትና በብብት የሚቀሩ ጠንካራ እብጠቶች ለወራት ሊቆዩ ይችላሉ፤ ሕያው ተባይ አለ ማለት አይደለም።

የመጨረሻው ዙር ካለቀ ከ4 ሳምንት በኋላ አዲስ ነጥብ ወይም አዲስ ዋሻ ከታየ ግን መጠየቅ ያለበት፦ ማን አልታከመም? ዋናው መልስ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው። በአውሮፓ አንዳንድ አገሮች ፐርሜትሪን እንደ ቀድሞው እየሠራ አይደለም የሚል ክርክር አለ፤ ወደዚያ ከመሄድ በፊት ግን ቲዩቡ በቂ ነበር ወይ፣ ሁሉም በአንድ ሌሊት ተቀቡ ወይ የሚለው ይጣራ። አሜሪካ ውስጥ ፐርሜትሪን 5 በመቶ በሐኪም ማዘዣ ብቻ ነው የሚሸጠው፤ ያለ ማዘዣ የሚገኘው 1 በመቶ ለራስ ቅማል ነውና ለእከክ አይተካም።

ሁለት ነገሮች የተለየ ጥንቃቄ ይሻሉ። የመጀመሪያው ቁስሉ መግል መያዙ ነው። ማር የሚመስል ቅርፊት፣ ትኩሳት፣ የብሽሽት እጢ ማበጥ ካለ አንቲባዮቲክ ያስፈልጋል። ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ከተከተለ ከሳምንታት በኋላ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል፤ ጠዋት ፊቱ የሚያብጥ ወይም ሽንቱ እንደ ኮካኮላ የጠቆረ ልጅ ያን ቀን ሆስፒታል መድረስ አለበት። ሁለተኛው ቅርፊት የሚያወጣው እከክ ነው። ኤችአይቪ ባለባቸው፣ በጣም ባረጁ ወይም ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ በወሰዱ ሰዎች ላይ ተባዮቹ እስከ ሺዎችና ሚሊዮኖች ይደርሳሉ፣ እጅና እግር ወፍራም ቅርፊት ያወጣሉ፣ ማሳከኩ ግን ላይኖር ይችላል። የዚህ ሕክምና የሆስፒታል ነው።

ጭርትና ችፌ

ጭርት ላይ ነገሩ አጠር ይላል። ክሎትሪማዞል 1 በመቶ ወይም ሚኮናዞል 2 በመቶ ክሬም በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከጠርዙ ውጭ ሁለት ሴንቲ ሜትር ጨምሮ፣ ከ2 እስከ 4 ሳምንት፤ ከጠፋ በኋላም አንድ ሳምንት። በጠርዙ ላይ ያለው ቅርፊት ተፍቆ በፖታስየም ሃይድሮክሳይድ ጠብታ በማይክሮስኮፕ ሲታይ የፈንገሱ ክሮች ይታያሉ፤ ርካሽና በብዙ ሆስፒታል የሚሠራ ምርመራ ነው። ከምርመራው በፊት ለአንድ ሳምንት ያህል ክሬም አለመቀባት ውጤቱን ያስተማምናል። የልጆች የራስ ቆረቆር ግን በቅባት አይድንም። ፈንገሱ የፀጉሩ ሥር ውስጥ ስለሆነ ግሪሲዮፉልቪን ከወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይዋጣል። ቅባቱ ብቻ ያለ ኪኒን የታዘዘለት ልጅ ቢመላለስ አያስደንቅም።

ችፌ ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ነው፤ የሚገደል ተባይ የለውም። ቆዳው ውኃ መያዝ የተሳነው ነው። ስለዚህ የሕክምናው ዋና አካል ቫዝሊን ወይም ሽታ የሌለው ለስላሳ ቅባት በቀን ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ በተለይ ከታጠቡ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ቆዳው ሳይደርቅ መቀባት ነው። ገላ በለብታ ውኃ በአጭሩ ይታጠባል። በጣም የሞቀ ውኃ ለደቂቃ ማሳከኩን ያስረሳል፣ ከዚያ ቆዳውን ያደርቅና ያብሰዋል። ስቴሮይዱ ለተቆጣው ጊዜ ነው። ከቲዩቡ አፍ ወጥቶ ከአመልካች ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ የሚዘረጋው ክሬም ግማሽ ግራም ይሆናል፤ ይህ የአዋቂን የሁለት መዳፍ ስፋት ከነጣቶቹ ይሸፍናል። ለፊትና ለብሽሽት ቀላሉ ሃይድሮኮርቲሶን፣ ለእጅና ለእግር ጠንካራው፣ ክሎቤታሶል ከሆነም ከ2 ሳምንት ያልበለጠ። ስቴሮይድን ፈርቶ ጨርሶ መተውም ችግር ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲያክ የሚያድር ልጅ ቆዳው ይቆስላል፣ ትምህርቱም ይበላሻል።

ሽፍታ የማይመስሉት

ሽፍታ ሳይኖር መላ ሰውነት ለሳምንታት የሚያሳክክ ከሆነ የቆዳ ቅባት መፈለግ ይቁምና ጉበት፣ ኩላሊት፣ እንቅርት፣ ስኳርና የደም ማነስ ይመርመር። በእርግዝና መጨረሻ ወራት ያለ ሽፍታ መዳፍና ውስጥ እግር የሚያሳክካት ሴት የጉበት ምርመራ በዚያው ሳምንት ያስፈልጋታል፤ ነገሩ ጽንሱን ይመለከታል። በምዕራብ ኢትዮጵያ ወንዝ ዳር የኖረ፣ ቆዳው ሻክሮና ተሸብሽቦ የሚያሳክከው ሰው ደግሞ ኦንኮሰርኪያሲስን (በወንዝ ዳር ጥቁር ዝንብ የሚተላለፈውን የትል በሽታ) ለሐኪሙ ያስታውስ።

ተቃራኒውም አለ። ፈጽሞ የማያሳክክ፣ ከቀሪው ቆዳ ፈዘዝ ያለ፣ ጥጥ ሲነካው የማይሰማ ነጠብጣብ ካለ ሥጋ ደዌ መጠርጠር አለበት። ሕክምናው በነፃ ነው፣ ቶሎ ከተጀመረም ጉዳት ሳያደርስ ይድናል። በአዲስ አበባ አለርት፣ በደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ፣ ሁለቱም ከሥጋ ደዌ ሕክምና ተነሥተው ዛሬ ለማንኛውም የቆዳ ሕመም የሚያገለግሉ ሆስፒታሎች ናቸው። ለተለመደው እከክና ጭርት ግን እስከዚያ መሄድ አያስፈልግም፤ ጤና ጣቢያ ይበቃል።

ቀጠሮ የማይጠብቁም አሉ። አዲስ መድኃኒት፣ በተለይ ኮትሪሞክሳዞል፣ ኔቪራፒን፣ ካርባማዜፒን ወይም አሎፑሪኖል ከተጀመረ በሳምንታት ውስጥ ሽፍታ ከትኩሳት ጋር፣ የአፍ ወይም የዐይን ቁስል፣ ቆዳ ሲነካ መላጥ ከመጣ መድኃኒቱ ወዲያውኑ ይቁምና ድንገተኛ ክፍል ይኬድ። ከንፈርና ምላስ ያበጠ፣ ትንፋሽ ያጠረው ሰውም እንደዚሁ።

ወደ ሐኪም ሲሄዱ የተጠቀሙባቸውን ቲዩቦች ሁሉ፣ ባዶዎቹን ጭምር፣ በከረጢት ይያዙ። ሽፍታው ሲብስ በቀን ብርሃን የተነሣ ፎቶ በስልክዎ ይኑር፤ በቀጠሮው ቀን ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ያን ጠዋት ምንም አይቀቡ። በመጋረጃ ጀርባ ልብስ ለማውለቅ ይዘጋጁ፤ ክንድን ብቻ አይቶ የሚያዝ ሰው የብብቱን፣ የወገቡንና የብልቱን ምልክት አያገኝም። ካላየልዎ "ሌላም ቦታ አለኝ" ብለው ያሳዩት።